ከቴሌቪዥኑ ዳር የቀረ እጅጌ

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ቆጣቢ ነው። «ልክ» የምትል አንዲት ቃል ይዞ ስንት ሥራ እንደሚያሠራት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የትከሻ ወርድ ልክ ነው፣ እውነት መናገርም ልክ ነው፤ ሰው ሲጠግብ «ልኩን አጣ» ይባላል፣ ሲሰደብ ደግሞ «ልክ ልኩን ነገሩት» ይባላል። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ የሰውን ልክ ልኩን የምነግረው በሜትር ነው። ቢሆንም ይቀየሙኛል። ከአምናው ወገብህ ጨምሯል ያልኩት አንድ ነጋዴ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን የሚመልሰው በግንባሩ ነው።

የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ልኩን ሊያውቅ ይመጣል፣ ሲያውቀው ይከፋዋል። ሁሉም ነገር ልክ አለው ሲባልም ሰምታችኋል። አለው፤ ግን የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም፤ ለአንዱ ልክ ነው ብላችሁ ስትቆርጡ ከወዲያ በኩል የሚጎድልበት ሰው አይጠፋም። ለዚህ ምስክሬ ልብስ ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። ልብስ ሰፊ ስለ ቴሌቪዥን ምን አገባው እንዳትሉኝ። ነገሩ ውስጥ የገባሁት በእጅጌ በኩል ነው።

ሁሴን ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነበር፤ አላህ ይዘንለት። የፍየል ነጋዴ ነው። ከሰንበቴ ገዝቶ ባቲ ይሸጣል፣ ከባቲ ገዝቶ ከሚሴ ይሸጣል፤ ሲቀናውም ሲከስርም ፊቱ አይለወጥም። ይሄ ሰው ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። ነፍስ ያለውን ነገር ሥዕል ማድረግ ደግ አይደለም ሲሉ ሰምቶ ይሁን፣ ወይ በተፈጥሮው ዓይን አፋር ሆኖ፣ ካሜራ ካየ ዘወር ይላል። ክርክር ግን አያነሳም፣ ሌላውንም አትነሱ አይልም። ዝም ብሎ ወደ ዳር ፈቀቅ ይላል። እንዲያውም ዕድሜውን ሙሉ ዳር የቆመ ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ ግብዣ ላይ ከበሩ አጠገብ፣ መስጊድ ከኋላ ረድፍ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ጥላው ከሚያልቅበት ወዲያ።

አንድ ሰኞ ማለዳ ባቲ ገበያ ሄደ። ባለቤቱ ዘሀራ ቤት አልነበረችም፤ ምጥ የያዛት ጎረቤት ዘንድ ነበር ያደረችው። ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ የለም። ባቲ ከፍየሎቹ መሐል ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከተቀመጠበትም አልተነሳም። በእኛ ወግ ሬሳ አያድርም፣ የባቲም ሙቀት አያሳድርም። እዚያ ያሉ ወዳጆቹ አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውበት እዚያው ቀበሩት። ወሬው ከሚሴ ሲደርስ አፈሩ ተመልሷል። ያለችው አንዲት ፎቶ የመታወቂያው ነበረች፤ እሷም ከኪሱ ወጥታ የት እንደገባች አልታወቀም።

ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ «ጀነት ያግባው» ይላታል። «አሚን» ትላለች። ከዚያ ደግሞ «ሲሄድ አላየሁትም» ትላለች። ሞተ ብላ አታውቅም። እንግዳ መጣ ሄደ፣ ዓመት መጣ ሄደ፣ የዘሀራ ቃል ይቺው ናት፤ ሲሄድ አላየሁትም። እያደር ደግሞ ሌላ ጭንቀት ጨመረባት። ፊቱ እየጠፋባት ነው። ለባለቤቴ «ዓይኔን ስጨፍን ኮፍያው ይመጣል፣ ከኮፍያው ሥር ግን ፊት የለም» ብላ ነገረቻት። ባለቤቴም ለእኔ ነገረችኝ። እኔም የራሴን ዓይን ጨፍኜ ሞከርኩ፤ የትከሻውን ወርድ፣ የክንዱን ርዝመት በሴንቲሜትር አስታውሳለሁ፣ ፊቱ ግን እኔንም ሸሸኝ።

ያ ዘመን እንግዲህ ከሳዑዲ የሚመለስ ሁሉ በሻንጣው የዲቪዲ ማጫወቻ ይዞ የሚገባበት ነበር። በካሴት የተቀረፀ ሰርግ ያለው ሰው ካሴቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ኑሩ ዘንድ ይሄዳል። ኑሩ ከአስፋልቱ ዳር ቪዲዮ ቤት ያለው፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የአገሩን ሰርግ ሁሉ ያየ ጎልማሳ ነው፤ ማን ሰርግ ላይ ማን እንዳኮረፈ ከእሱ የተሰወረ የለም። ካሴቱን ወደ ሲዲ ይገለብጣል። ዲቪዲውንም ሲዲ ነው የምንለው፤ ክብ ሆኖ ካብለጨለጨ ሲዲ ነው። ዘሀራ ይሄን ስትሰማ የልጇ የፋጡማ ሰርግ ካሴት ትዝ አላት። የካሴት ማጫወቻ ዴካቸው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ካሴቱ ግን ሳጥን ውስጥ አለ። ሁሴን እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ መኖር አለበት አለች። አባት በልጁ ሰርግ ቀን የት ይሄዳል?

ይፈቀድ እንደሆነ ሼሁን ሳትጠይቅ ነው ወይ ለምትሉኝ፣ ጠይቃለች። «አላህ ያውቃል» አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እሳቸውስ በቪዲዮው ውስጥ ይታዩ እንደሆነ ጠየቋት።

ፋጡማና እኔ ካሴቱን ይዘን ሄድን። ኑሩ እንደ ደንቡ «ጠባብ ይሁን ሰፊ?» ብሎ ጠየቀ። «ሰፊው እኔ ነኝ» አልኩት፤ ጽሑፍ ላይ አንድ ናቸው እኮ። አልሳቀም። ነገሩን ሲያስረዳን፣ ለካ ምስልም እንደ ጨርቅ ወርድና ቁመት አለው። የድሮው ጠባቡ አራት በሦስት ነው፣ አዲሱ ሰፊው ደግሞ እንደ ሲኒማ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ አሥራ ስድስት በዘጠኝ። ካሴቱ የተቀረፀው በጠባቡ ነው፤ ሰፊ ይሁን ከተባለ መጎተት አለበት፣ ሲጎተት ሰው ይወፍራል። ፋጡማ ግን ባሏ ከጅዳ ደውሎ ዘመናዊው ሰፊው ነው ብሏት ነበርና «ሰፊ ይሁን፣ ቢወፍርስ ምን አለበት» አለች። የዚያ ዘመን ነገር ሁሉ ሰፊ ነበር፤ የጠበበው ሱሪው ብቻ ነው።

ሲዲው ሲከፈት ሰርገኛው በሙሉ ወፍሯል። ሚዜዎቹ በዳሱ በር መተላለፍ የሚችሉ አይመስሉም። የሙሽራው መኪና መንገዱን ሞልታዋለች። የጎረቤት ሴቶች «ማሻአላህ፣ ያኔ ጥጋብ ነበር» ብለው ተደነቁ፤ ፋጡማ ግን የራሷን ጉንጭ ስታይ መጋረጃው ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት። ዘሀራ አልሳቀችም፣ አልተቀየመችም። ዓይኗ ከወፍራሙ ሰው መሐል አንድ ሰው ይፈልጋል። አላገኘችውም። ሲዲው ወደ ኑሩ ተመለሰ።

በጠባቡ ተሠርቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደየልኩ ተመለሰ፤ ሙሽሪትም አማረች። ቤተሰቡ እንደገና ተሰበሰበ፣ እኔም ተጠራሁ። ፋጡማ ከዳሱ ወጥታ ስትሸኝ በሚያሳየው ላይ፣ በቴሌቪዥኑ ቀኝ ዳር አንድ እጅጌ ብቅ አለ። እጅጌ ብቻ። የዳሱን ምሰሶ ይዞ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ለቀቀውና ጠፋ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጨርቁን አወቅኩት፤ ግራጫ ሆኖ አረንጓዴ መስመር የሚሄድበት፣ አንድ ዘመዱ ከጅቡቲ ያመጣለት። አንድ ኮት ብቻ ነው የወጣው፣ ከሚሴ ውስጥ ሁለተኛ የለውም። ግራ ትከሻው ዝቅ ስለሚል ስፖንጅ ጨምሬ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

«ይቺ እጅጌ የኔ ናት» አልኩ።

ዘሀራ ዞር ብላ አየችኝ። «የአንተ ስፌት ናት ወይስ የእሱ እጅ?»

«ሁለቱም» አልኳት።

ፋጡማ ወደ ኋላ መለሰችና እጅጌው ላይ አቆመችው። ዘሀራ ተነስታ መዳፏን መስተዋቱ ላይ፣ እጅጌው ላይ አደረገች። እኔ እያሰብኩ የነበረው ስለ ቀሪው ኮት ነው፤ እጅጌ ብቻውን አይቆምም፣ የተያያዘበት ትከሻ አለ፣ ከትከሻው በላይ ደግሞ አንገት አለ።

በማግስቱ ሦስታችን ኑሩ ዘንድ ሄድን። ዘሀራ ወንድ የሚበዛበት ሱቅ መግባት አትወድም፤ ያን ቀን ግን ነጠላዋን አጥብቃ ገባች። ኑሩ ካሴቱን በኮምፒውተሩ ከፈተው። ልብ በሉ፤ ያው ሰርግ ነው፣ ያው ዳስ ነው፣ ፋጡማ እዚያው ቦታ ላይ ናት። እጅጌው ግን ወደ ትከሻ ቀጠለ፤ ትከሻው ወደ አንገት ቀጠለ፤ ኮፍያው መጣ፣ ከኮፍያውም ሥር ፊቱ። ኑሩ ሳንነግረው አቆመው። ሁሴን የዳሱን ምሰሶ ይዞ፣ ልጁ ስትወጣ እያየ ቆሟል።

«አስ ጂረ» አለች ዘሀራ። እዚህ አለ ማለቷ ነው። እኛ አገር ሰው በሁለት ቋንቋ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ነው የሚኖረው፤ ሲከፋውና ደስ ሲለው የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ራሱም አያውቅም። ደግማ «አስ ጂረ፣ ያ ረቢ፣ ይሄውና» አለች፤ ዕንባዋ በነጠላዋ ላይ ይወርድ ጀመር። ኑሩ ከቆመበት ሊያስቀጥለው ጣቱን ሲያነሳ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲሄድ አይሰናበትም፤ ይሄን ከእኔ የምትማሩት አይደለም። ጥቁሩ ኮምፒውተር ፊት ብዙ ተቀመጥን፣ አልመጣም። ኑሩ ዘሀራን «እናቴ አይክፋሽ፣ መብራት ሲመጣ ገልብጬ በሲዲ እልክልሻለሁ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ» አላት። እሷም ኢንሻአላህ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ስትራመድ አየኋት፤ ሁሴን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብላ ስትሄድ አይቼ አላውቅም።

ሲዲው መጣ፣ ተከፈተ። እጅጌ ብቻ።

ፋጡማ ኑሩ የድሮውን ደግሞ ላከልን ብላ ተቆጣች። ዘሀራ ግን ማንንም አልወቀሰችም። ብድግ አለችና ወደ ቴሌቪዥኑ ቀኝ ሄደች፣ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ አንገቷንም አዘንብላ ከጎን ወደ ውስጥ ታይ ጀመር። ገብቷችኋል? በመስኮት ስታዩ ዳር የቆመ ሰው ከተሰወረባችሁ ፈቀቅ ትሉ የለም? እንደዚያ ነው። እዚያ መኖሩን በዓይኗ አይታለች፤ የቀረው ዞር ብሎ ማየት ነው። ማንም አልሳቀባትም። ከፈለጋችሁ እኔን ሳቁብኝ፤ ሰው ሲወጣልኝ እኔም ሄጄ ከጎን አይቻለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲዲው በተከፈተ ቁጥር ቦታዋ እሱ ሆነ። ሰርጉን ሰው ሁሉ ከፊት ያያል፣ ዘሀራ ከጎን።

እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ኑሩ ዘንድ ተመለስኩ። አላጭበረበራትም ነበር። እነዚህ ሆዳቸው ወደ ኋላ የተነፋ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዙሪያ ይውጡታል አለኝ። ኮምፒውተር የተቀረፀውን ሁሉ ያሳያል፣ ቴሌቪዥን ግን ጠርዝ ጠርዙን ከፍሬሙ ሥር ይደብቃል። ሥራውን የሚያውቅ ቀራፂ ለዚህ ሲል ዋናውን ነገር መሐል ያደርገዋል፣ ዳሩን ላይታይ ይችላል ብሎ ይተወዋል። እኔ ይሄን ለመረዳት ብዙም አልተቸገርኩ። ጨርቅ ስንቆርጥ ለስፌት ከዳር የምንተወው አለ፤ ሲሰፋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ልብሱን አያይዞ የሚያቆመው እሱ ነው፣ ለባሹ ግን አያየውም።

«ሁሴን ስፌት ውስጥ ገባ በለኛ» አልኩት።

«እንደሱ በለው ጋሼ» አለኝ ኑሩ።

እስቲ እናንተም አስቡት። ሰርግ ላይ መሐል የሚቆመው ማነው? ያማረበት፣ የተሾመ፣ ድምፁ ከፍ ያለ። እጅ የሚያስታጥበው፣ እንግዳ የሚቀበለው፣ ከዳሱ ምሰሶ አንዱ ሲዘም ደግፎ የሚይዘው ዳር ነው። ሰርጉ የቆመው በእነዚህ ነው፤ ታሪኩ ሲገለበጥ ግን መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። እኛ ራሳችን ከሚሴዎች ከዚህ የተሻለ አይደለንም፤ ከደሴ አዲስ አበባ የሚመላለሰው መንገደኛ የሚያውቀን ከአውቶቡስ መስኮት ዳር ነው። ይሄን ለኑሩ ብነግረው እሱስ መላ አለው አለኝ፤ ለከሚሴ አይደለም፣ ለሁሴን።

መላው ምስሉን ማሳነስ ነው። አሳንሶ መሐል ያስቀምጠዋል፣ ዙሪያውን ጥቁር ይተዋል። ቴሌቪዥኑ መዋጥ ልማዱ ነውና ጥቁሩን ይውጣል፣ ሁሴን ይተርፋል። ችግሩ፣ ጥቁሩን በሙሉ አይውጠውም፤ በአራቱም በኩል የሚታይ ጥቁር ክፈፍ ይቀራል። ይሄን ስነግራቸው ፋጡማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ሰርጌ እኮ ነው» አለችኝ። «በጥቁር ከባችሁ ሀዘን ልታስመስሉት ነው?»

አትፍረዱባት። ባሏ ጅዳ ነው። ከተጋቡ ወዲህ አብረው የኖሩት ጊዜ ሲጨመቅ ያን ሲዲ ቢያህል ነው፤ ልጃቸውም አባቱን የሚያውቀው በስልክ ድምፅና በዚያ ሰርግ ነው። ምስሉ ሲያንስ እሱም ያንሳል። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ባሏን፤ ሁለቱም የሚፈልጉት እዚያችው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኗ ደግሞ ለሁለት አትበቃም።

ዘሀራ ልጇን አልተቆጣቻትም። «አንቺ መሐል ነሽ ልጄ» አለቻት። «ባልሽም መሐል ነው። ብታንሱም ትታያላችሁ። እሱ ግን...» ብላ ተወችው። ፋጡማ ነጠላዋን ለበሰችና ኑሩ ዘንድ ራሷ ሄደች።

አዲሱን ሲዲ ያየነው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ሰው አልጠራንም፤ ዘሀራ፣ ፋጡማ፣ ባለቤቴና እኔ ብቻ። ጥቁሩ ያስጠላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወፍራም ግድግዳ ላይ የተከፈተች መስኮት መሰለ እንጂ አላስጠላም። ሙሽሪት አንሳለች፣ ሙሽራው አንሷል፣ ዳሱ አንሷል። ዘሀራን ከጎን ሳይሆን ከፊት አስቀመጥናት። ፋጡማ ከዳሱ ወጣች። በቀኝ በኩል ሁሴን ምሰሶውን ይዞ ቆመ፤ እጅጌው፣ ትከሻው፣ ኮፍያው፣ ፊቱ። ልጁን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ እያደረገላት ነበር። ፋጡማ ያኔ ጀርባዋን ሰጥታው እየወጣች ስለነበር አላየችም፤ አሁን አየች፣ እዚያው ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ማናችንም አላየነውም፤ ኑሩ ዘንድ መብራት የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሁሴን ከልጁ ላይ ዓይኑን ሲያነሳ ካሜራውን አየ። ወደ ካሜራው ማለት ወደ እኛ ማለት ነው። ለአፍታ እንደ ማፈር፣ እንደ ፈገግታ አለ። ምሰሶውን ለቀቀና ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ፣ መዳፉ ወደ እኛ። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በቀኝ በኩል ወደ ጥቁሩ ገባ።

ያ እጅ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቀራፂውን «ተው፣ አትቅረፀኝ» ማለቱ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ዘሀራን አየኋት። እሷም እጇን አንስታለች፣ መዳፏ ወደ እሱ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ዴሜ» አለች። ሄደ ማለት ነው።

ሰርጉ ቀጥሏል፣ መኪኖቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። ፋጡማ ዕንባዋን ጠርጋ ሪሞቱን አነሳች። «እማ፣ ልመልሰው?» አለቻት። አማርኛችን ቆጣቢ ነው አላልኳችሁም? ሲዲውንም ሰውንም በአንድ ቃል ነው የሚመልሰው።

«ተዪው ልጄ» አለች ዘሀራ። «ሲሄድ አየሁት።»

አሁን ጊዜው ተለውጧል። የፋጡማ ባል ከጅዳ ሰፊና ቀጭን ቴሌቪዥን ልኳል፤ እሱ ራሱ ገና አልመጣም። ኑሩ አዲሶቹ እንደ ድሮዎቹ ጠርዝ አይውጡም፣ ጥቁሩን አንስቼ ምስሉን ወደ ሙሉ ልኩ ልመልሰው፣ ሁሴንም ሳይቆረጥ ይታያል አለኝ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ለዘሀራ ነገርኳት።

«ጥቁሩ ከተነሳ የሚወጣው ወዴት ሊሆን ነው?» አለችኝ። «ተወው ሰይድ። ልኩ እሱ ነው።»

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ጠቀለልኩት። ልክ ናት።